ባዶ መሆኑን አይቻለሁ

የመኪናዬን መስታወት ማን ሰበረው?

ጥያቄው ስልኬ ላይ የመጣው ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ከጽሑፉ በላይ የወፍ ሥዕል አለ፤ ቢጫ፣ ክንፏን የሰበሰበች። ከሥሩ ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። በዚያ ሰዓት ወጨጫ ደን ውስጥ የነበርነው መቶ ሰማንያ ስድስት ሰዎች ሁላችንም ያው ጥያቄ ደርሶናል። ልዩነቱ የሌሎቹ የሰሌዳ ቁጥር ሲጠቅስ የእኔ «የመኪናዎን» ማለቱ ነው።

መስመሩን ባዶውን ትቼ ከምንጩ ወደ ሜዳው የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። ከፊቴም ከኋላዬም ሰዎች እየወረዱ ነበር። የሚሮጥ የለም። አንድ አዛውንት ስኮርታ ጎማቸውን እያንከባለሉ ይሄዳሉ፤ ሚስታቸው ክሪኩንና የመኪናውን ሬዲዮ በነጠላ ቋጥራ አዝላለች። ጉሬዛዎች ከዝግባው ላይ ሆነው ያዩናል። እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጫካ የሚሄድ ሰው ከመኪናው የሚነቀለውን ሁሉ ነቅሎ ይዞ ነው የሚሄደው። የደኑ በር ከታች ሲዘጋ ሰማሁት።

ጠዋት ሆለታ ነበርኩ፤ አክስቴ ጌጤነሽ ቤት። ስወጣ በድሮ የውስኪ ጠርሙስ ጠጅ ሞልታ ሰጠችኝ።

«ለአባትሽ ነው። ሐኪሙ ከልክሎታል ካልሽኝ ሐኪሙ ይጠጣው።»

«እሺ።»

«ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ክዳኑን እንዳታጠብቂ ደግሞ፤ ገና አልረጋም።»

«እሺ» አልኳት። ከተመለስኩ ወዲህ አብዝቼ የምናገረው ቃል ይህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሰሜን ኖርዌይ ስለ ድንጋይ ተምሬ መጣሁ፤ አሁን የጉድጓድ ውኃ የሚያስቆፍር መሥሪያ ቤት ውስጥ ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ፣ እሺ እላለሁ። ተመላሽ ስለሆንኩ የሁለት ዓመት የሙከራ ጊዜ አለብኝ። በዚያ ቅዳሜ ሰባት ወር ይቀረኝ ነበር። በሙከራ ጊዜ አንዲት የሐሰት ቃል የተመዘገበችበት ሰው ሥራም የመኖሪያ ወረቀትም አይኖረውም።

መንገድ ላይ፣ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጋ፣ ጠጁ በክዳኑ ሥር አረፋ ተፍቶ መኪናው ማር ማር ሸተተ። አቁሜ በመሐረብ ጠረግኩትና ክዳኑን እጄን እስኪያመኝ አጠበቅኩት። ከዚያ የሳምንቱ የዛፍ ሰዓቴ፣ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ደን ውስጥ እንዲያሳልፍ የታዘዘው ሁለት ሰዓት፣ ትዝ አለኝ። ሁለቱም ሰዓት አልተነካም፤ ሳምንቱም የሚዘጋው ያን ቀን ማታ ነው። ከወጨጫ የቀረበ ደን አልነበረም።

በሩ ላይ የቆሙት ጠባቂ ስማቸው ሂርጳ ነው። ይህን ያወቅኩት እንደማንኛውም ሰው ደረታቸው ላይ ካለው ሰሌዳ ነው፤ ፊደሉ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ ተጽፏል። ስድሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ላይ የንብ ሰም የደረቀባቸው። ቤታቸው ከበሩ ወዲያ ሃያ እርምጃ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ባሉት ወይራዎች ላይ ዘጠኝ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ቆጥሬዋለሁ።

አራቱን በር ከፈትኩ። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፈትኩ። የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈትኩ። እጄን ጣሪያው ላይ አድርጌ «ባዶ ነው» አልኩ።

ጋሽ ሂርጳ ዞር ዞር ብለው አዩ። ከፊተኛው ወንበር ሥር ጠርሙሱን የሸፈንኩበት ምንጣፍ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉና ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር።

«የሆለታ ማር ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ግራር የቀሰመ።»

መጠጥ ወደ ደን ይዞ መግባት አይፈቀድም። መኪና ውስጥ ዕቃ መተውም አይፈቀድም። ተመልሶ መውጣት ይቻል ነበር፤ የዛፍ ሰዓቱ ግን ይቀራል።

«ለኔ ተዪው። ስትመለሺ ከቤት ትወስጂዋለሽ። አደራ ነው።»

«ምንም ነገር የለም» አልኩ፤ ምሰሶው ላይ ያለው የካሜራ ዓይን እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ምሰሶውን አዩና እኔን አዩ። «እንግዲያው ከዝግባው ሥር አቁሚያት። ጥላ አለ። ፀሐይ ለእንዲህ ያለ… ለመኪና ጥሩ አይደለም።»

ዝግባውን አየሁት። ትልቅ ነው፤ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ደርሷል። ዓይኑ ከሥሩ ያለውን አያይም። ሰውዬው ጠርሙሱን አይቷል፣ ስጪኝ ብሏል፣ እምቢ ስለው ማንም ወደማያይበት ቦታ እየመራኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰብ ባህር ማዶ የተማርኩት አይደለም። ከመጣሁ በኋላ ነው።

መኪናዬን ሜዳው መሐል፣ ምሰሶው ሥር፣ ጠራራው ላይ አቆምኳት።

«እንደወደድሽ» አሉ ጋሽ ሂርጳ። ከዚያ መናገር ያለባቸውን በሙሉ ድምፅ ተናገሩ፦ «ባዶ መሆኑን አይቻለሁ።» ስማቸውና ስልክ ቁጥራቸው ያለበትን ወረቀት ሰጡኝ።

ይህ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው።

የአውጫጭኝ ሜዳው ከመኪና ማቆሚያው ጎን በገመድ የታጠረ ሣር ነው። ከመግቢያው በላይ «የአባቶቻችን ጥበብ በአዲስ መሣሪያ» የሚል ሰሌዳ አለ። ድሮ ከብት ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተከቶ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር ይባላል። ያየ ሰው ስሙን ለሽማግሌዎቹ በስውር ሹክ ይላል፤ ያንን ሰው ወፍ ይሉታል። ዛሬ ወፏ ስልካችን ውስጥ ናት። የታገተው ሰው ሁለት ሦስተኛ አንድ ስም ከጠራ በሩ ይከፈታል። ስሙ የወጣው ሰው በዚያው ቀን ደኑን ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም የደን በር አያልፍም። የባለ ንብረቱ ድምፅ እንደ ሠላሳ ይቆጠራል።

መኪናዬ ከሜዳው ትታያለች። ዙሪያዋን ቢጫ መስመር በርቷል፤ በሩ እስኪከፈት ማንም አይጠጋትም። የግራው የፊት በር መስታወት የለም።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ታጣፊ ወንበር ይዘው ነው የመጡት። እትዬ ዝናሽ ይባላሉ፤ ጡረተኛ አዋላጅ ናቸው። ሹራብ ይሠራሉ።

«የመጀመሪያሽ ነው?»

«አዎ።»

«ይሄ ለኔ አሥራ አንደኛዬ ነው። ይህን ሹራብ ሱሉልታ ደን ታግቼ ጀመርኩት፤ እጅጌውና አንገቱ ነው የቀሩኝ። ቢያንስ አንገቱ ድረስ ሳልደርስ በሩን እንዳታስከፍቱት።»

«ማን ይመስልዎታል የሰበረው?»

ቀና ብለው አዩኝ። እንደ ሕፃን የጠየቅኩ መሰለኝ።

«የኔ እመቤት፣ ማን ሰበረው የሚል እዚህ የለም። ማን ይጠራ ነው። ሁለት መቶ የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ስም እንዴት ይስማማል? እኔ ያንቺን ስም አላውቅ፣ አንቺ የዚያን ባለ ጎማ ሽማግሌ ስም አታውቂ። ሁላችንም የምናውቀው ስም ስንት ነው?»

ወደ በሩ አየሁ። ጋሽ ሂርጳ ከገመዱ ወዲህ ናቸው፤ እሳቸውም ታግተዋል። ደረታቸው ላይ ያለው ስም ከተቀመጥኩበት ይነበባል።

«ጠባቂ እኮ ስድስት ወር አይቆይም» አሉ እትዬ ዝናሽ። «እኚህ አራት ዓመት ቆዩ፤ መስታወት ተሰብሮ ስለማያውቅ ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኑ ያየውን ስልካችን ላይ ለቀቁት። ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሜዳው ላይ መኪኖች ቆመዋል። ማንም አልተጠጋም። ከዚያ የመኪናዬ መስታወት በድንገት ይረግፋል። ሁለት ጊዜ አየሁት። ከሥሩ የደን መሥሪያ ቤቱ ማብራሪያ አለ፦ «ድርጊቱን የፈጸመው ዓይኑ የማያይበትን አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።»

«ይኸው» አሉ እትዬ ዝናሽ፣ ሹራባቸውን ሳያቆሙ። «ከዚህ በላይ ምን ይንገሩን።»

ሜዳው ላይ ሠርገኞች ነበሩ። ለፎቶ መጥተው ነው። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አውልቃለች። አንደኛው ሚዜ ከረቫቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ከሰው ሰው ይዞራል።

«ኧረ ጎበዝ፣ አዳራሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠብቀናል! አማቾች ክትፎውን ያለኛ ሊጨርሱት ነው!»

«ሙሽሪት እዚሁ ትውለድ፤ አዋላጅ አለን» አለ አንዱ።

«እጄ ሥራ ላይ ነው» አሉ እትዬ ዝናሽ። ሰው ሳቀ።

ሚዜው እኔ ጋ መጣ። «ባለ መስታወቷ አንቺ ነሽ አሉ። እህቴ፣ ያንቺ ድምፅ ሠላሳ ነው። ጥሪና እንውጣ።»

«ያየሁት ነገር የለም።»

«ማን አይቷል? እኔ ሙሽራውን ራሱ ዛሬ ነው በደንብ ያየሁት።»

«ያላየሁትን አልጠራም።»

«ተመላሽ ነሽ አይደል?» አለ፣ በክፋት ሳይሆን። «ያስታውቃል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂርጳ የሚለው ስም አርባ አንድ ደርሶ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሰባ ስምንት። ቁጥሩ ስልካችን ላይ ይታያል። ጋሽ ሂርጳም ያዩታል። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው የሚያለቅስ ልጅ ላላት ሴት ውኃ ሲያመላልሱ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደኔ መጡ። ውኃ የያዘ ኩባያ ሰጡኝና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ምሰሶውን በዓይናቸው ለኩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ ያንን ክዳን አጥብቀሽው ነበር?»

«የምን ክዳን?»

«ያንን…»

«የምን ክዳን ነው የሚሉት?» ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። እትዬ ዝናሽ መርፌያቸውን አቆሙ።

ጋሽ ሂርጳ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት።

«ይሁን» አሉ። «እኔ ባዶ ነው ብያለሁ። ብያለሁ።»

ተነሥተው ሄዱ።

ያኔ የገባኝን ያኔ እንደገባኝ ልጻፈው። ሰውዬው ጠርሙሱን ሊሰርቅ መስታወቱን ሰብሯል፤ ወይም የሰበረውን ያውቃል። አሁን ስሙ ሊወጣ ሲል ስለ ክዳኑ እያነሣ ያስፈራራኛል። ውሸት እንደመሰከረልኝ ያስታውሰኛል። አፉን ከከፈተ የቀረኝ ሰባት ወር፣ ሥራዬ፣ ወረቀቴ ያልቃል፤ ነገሩ ቁልጭ ያለ መሰለኝ። እንደዚያ ቀን የደከመኝም ትዝ አይለኝም። ፀሐዩ ጎኔን መትቶኛል፣ አልበላሁም፣ ሙሽራዋ ማልቀስ ጀምራለች። ልቤን የሚያጠራጥር ነገር አልጠፋም ነበር፤ ዓይኑ ላይ ማንም አልታየም፣ ይህ ሰው ደግሞ ከበሩ ሲንቀሳቀስ ያየ የለም። ግን መጠራጠርም ጉልበት ይፈልጋል።

«እትዬ ዝናሽ፣ እርስዎ ጠርተዋል?»

«ጠራሁ።»

«ያምናሉ?»

«አላምንም» አሉ። «ባቄላ እንዳልሠርቅ ያስተማረኝ አባቴ ቢኖር አያየኝም ነበር። ግን ቤቴ ድመት አለች፣ ቆልፌባት መጥቻለሁ። የማንን ስም ልጥራ? ያንቺን ንገሪኝና ልጥራ።»

ከአሥራ አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሂርጳ የሚለው ስም ዘጠና ሰባት ላይ ቆመ። መቶ ሃያ አራት ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ አልንቀሳቀስ አለ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሚዜው እንኳ ከረቫቱን ከግንባሩ ፈትቶ በእጁ ይዞ ቆሟል።

ወፏን ነካኋት። ስሙን ጻፍኩ። ሦስት ፊደል ነው።

በሩ ተከፈተ። ሠርገኞቹ እልል አሉ፤ እውነተኛ እልልታ ነው። ሰው ጎማውን፣ ክሪኩን፣ ሬዲዮውን ተሸክሞ ወደየመኪናው ተበተነ። እትዬ ዝናሽ ወንበራቸውን አጥፈው «አንገቱ ቀረ» አሉና ሄዱ። ለሁላችንም የታገትንበት ሰዓት እንደ ዛፍ ሰዓት ተመዝግቦልናል። የሁለት ሳምንቴ ሞላ።

ጋሽ ሂርጳ ከቤታቸው ሲወጡ ጋቢ ለብሰው አንድ ሻንጣ ይዘዋል። ሰሌዳውን ከደረታቸው ነቅለው በሩ ላይ ሰቀሉት። ሁለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ትንሽ ራቅ ብለው ይጠብቋቸዋል። በእኔ በኩል ነው ያለፉት። አንገቴን ደፋሁ።

«አታቀርቅሪ» አሉኝ። «ሁለት ሰው ከሚወጣ አንድ ይውጣ።»

ሻንጣቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«መኪናሽ ጋ ስትደርሺ መሬቱን እያየሽ ርገጪ። ከዚህ ሆኜ ሲያብለጨልጭ አይቼዋለሁ፤ ስብርባሪው በውጭ በኩል ነው። እንዳይቆርጥሽ።»

ሄዱ። ወደ ቀፎዎቹ ዞር ብለው አላዩም።

ቢጫው መስመር ጠፍቶ ነበር። ወደ መኪናዬ ስጠጋ መሬቱን አየሁ። መስታወቱ ሣሩ ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል፤ ከበሩ አጠገብ ወፍራም፣ ራቅ ሲል እየሳሳ፣ እስከ ሁለት እርምጃ። ወንበሩ ላይ አንድ ፍንካች የለም። የተሰነጠቀ ድንጋይ አይቶ ኃይሉ ከየት እንደመጣ ማንበብ ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት ትምህርት ነው። ይህን ለማንበብ ግን ትምህርት አያስፈልግም።

በሩን ከፈትኩ። ምንጣፉ ርሷል። ጣሪያው ላይ የማር ጠብታ ተንጠልጥሏል። የጠርሙሱ ታች ደቅቋል፤ አንዱ ወፍራም ስብርባሪ በመስታወቱ በኩል ወጥቶ ሜዳው ላይ ወድቋል። አንገቱ ግን ሙሉውን ከወንበሩ ሥር ነበር፤ ክዳኑ እንደጠበቀ። ልከፍተው ሞከርኩ። አልዞረም።

ቀና ስል በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

አባቴ ያንን ማታ ልብሴን አሽትቶ «ሆለታ ነበርሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጠጁስ?»

«ፈሰሰ።»

«ክዳኑን አጥብቀሽው ይሆናላ» አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሑድ ጠዋት የደን መሥሪያ ቤቱን የተጠራ ስም እንዴት እንደሚነሣ ጠየቅኩ። «ጉዳዩ ተዘግቷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» የሚል መጣልኝ። ጉዳይ የሚከፈትበት አንድ መንገድ አለ፤ ሌላ ሰው ድርጊቱን ካመነ ነው። ቅጹን ሦስት ጊዜ ሞላሁት። ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት አለኝ፦ ጠርሙሱን ካመንኩ ጋሽ ሂርጳ ባዶ ነው ብለው የመሰከሩት ውሸት ይሆናል፤ የሐሰት ምስክር ደግሞ ከደን ብቻ አያስወጣም። ምክንያቱ ትክክል ነው። ለእኔም ይመቻል። ሁለቱ ነገር አንድ ላይ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። በሩ ላይ አዲስ ጠባቂ ቆማለች፤ ትሁት ሴት፣ ስሟ ደረቷ ላይ በትልቁ ተጽፏል። መኪናዬን ስታይ ወይራዎቹን አየሁ። ቀፎዎቹ አሉ።

«ንቦቹን ማን ያያቸዋል?» አልኳት።

«የማን ንቦች?»

እጄን ጣሪያው ላይ አድርጌ «ባዶ ነው» አልኩ። «ባዶ መሆኑን አይቻለሁ» አለችኝ፤ ወረቀቷን ሰጠችኝ። ስሟን ላለማንበብ ሞከርኩ። ጥላው ሥር አቆምኩ።

የጋሽ ሂርጳ ወረቀት መኪናው ውስጥ አልነበረም፤ ዕቃ መተው አይፈቀድም። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ተጣጥፎ። ምንጩ ጋ ቁጭ ብዬ ቁጥራቸውን አወጣሁ። ብዙ ነገር ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦

«ጋሽ ሂርጳ፣ የዚያን ቀን ለጠየቁኝ መልሱ አዎ ነው። አጥብቄው ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ እንድናገር ይፈልጋሉ? እርስዎ ካሉ እናገራለሁ። ቀፎዎቹ እዚሁ ናቸው።»

ደርሷል ይላል። የላክሁት መጋቢት አሥራ ሁለት ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ዝናቡ ቀፎዎቹን መትቷቸዋል፣ ሁለቱ ወድቀዋል። የሙከራ ጊዜዬ አራት ወር ይቀረዋል። በየቅዳሜው ምንጩ ጋ እቀመጥና መልእክቱን ከፍቼ አየዋለሁ። ከሥሩ ሌላ ነገር የለም።